በዋልትዝ የታመመ ኩላሊት

ከሁሉ አስቀድሜ ኩላሊቶቼ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ላስታውቅ። ወግ በምርመራ ውጤት እንደማይጀመር አውቃለሁ። ግን ይህን ከሚያነቡት መካከል እዚህ አትላንታ፣ ከስቶን ማውንቴን እስከ ኖርክሮስ ድረስ ስለ እኔ ሻማ ያበሩ፣ ሙዝ ከእጄ የነጠቁ፣ ስሜን ከጸሎታቸው እስከ ዛሬ ያላወጡ ደጋግ ሰዎች ስለማይጠፉ፣ እነሱን ገና ከመጀመሪያው መስመር ላሳርፋቸው ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ጽጌ ሥራ ላይ ነበረች። የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ስለሆነች ቅዳሜ የሚባል ነገር አታውቅም። ልጃችን ኮሌጅ ገብታ ከቤት ከወጣች ወዲህ ቅዳሜን አብረን የምናሳልፈው ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑና እኔ ነን። ሪሞቱን ስነካካ አንድ የጃፓን ፊልም ላይ ደረስኩ። ሰውየው ክራባት ያሰረ የቢሮ ሠራተኛ ነው። ጸጉሩ እንደ እኔው ከፊት ሸሽቷል። ይህ ሰው ከቤተሰቡም ከሥራ ባልደረቦቹም ተደብቆ ዳንስ ይማራል። የጥንድ ዳንስ፣ ወንዱ ሴቷን በክብር ይዞ አዳራሹን እየዞረ የሚደንሰውን ዓይነት።

ጃፓኖች ለካ ዘመዶቻችን ናቸው። ሰው ሲያገኙ ጎንበስ ይላሉ፣ ሰው ፊት ሚስታቸውን አያቅፉም፣ ደስ ሲላቸው እንደ ጥፋት ይደብቁታል። ሰውየው በመጀመሪያ የገዛ እግሩን እየረገጠ ሲንገዳገድ ሳቅኩበት። በኋላ ግን ያ የደከመ ፊቱ ፈክቶ፣ ወገቡ ቀጥ ብሎ ሲዞር ሳይ እንባዬ መጣ። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ሶፋ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ በጃፓንኛ አለቀስኩ።

እኔ እኮ እስክስታ እንኳ የማይወጣልኝ ሰው ነኝ። ሠርግ ስንጠራ ከአዳራሹ ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ላይ እቆምና "ወደዚህ ፓርክ አድርጉ! ሃንዲካፕ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ነው፣ እንዳታቆሙበት!" እያልኩ አመሻለሁ። ሰው ታታሪ ይለኛል። እውነቱ ሽሽት ነው። በራሴ ሠርግ ላይ ግን የምሸሽበት ማቆሚያ አልነበረም። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለሙሽሮቹ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሰው ክብ ሠርቶ እያጨበጨበ፣ ጽጌ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔም "ጫማው ጠበበኝ" አልኳት። ከአጎቷ ጋር ደነሰች። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ጽጌ ማለት ከዐሥር ዓመት በፊት ያሳረርኩትን ድስት በየሳምንቱ የምታነሳ ሴት ናት። እንግዲህ እሷ የማታነሳው ነገር ምን ያህል እንደሚያስፈራኝ ገምቱ።

ለሃያ አምስተኛው ዓመታችን ተደብቄ ልማርና አንድ ቀን ብድግ አድርጌ ላስደንግጣት ብዬ ቆረጥኩ። ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ በሚኒባስ ማመላለስ ነው። ቀኑን ሙሉ እየዞርኩ ስለምውል መዞር አያቅተኝም የሚል ግምት ነበረኝ። ኖርክሮስ ውስጥ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በዐሥር ሰዓት የሚሰጥ የዋልትዝ፣ ማለትም የዚያው የጥንድ ዳንስ፣ ትምህርት አገኘሁ። አስተማሪዋ ሚስ ሎሬታ የሰባ ሁለት ዓመት አትላንታዊት ናት። ከንፈሯ ቀይ፣ ጀርባዋ እንደ ችካል ቀጥ ያለ፣ ድምፅዋ ለማንም የማይመለስ። በመጀመሪያው ቀን አገጬን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ "ሃኒ፣ ወለሉ የትም አይሄድብህም፤ አትጠብቀው" አለችኝ።

ወለሉስ አልሄደም፤ የሄደው እግሬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ስለነበርን እረፍት የሚባል ነገር አልነበረኝም። አንዷ ስትለቀኝ ሌላዋ ትይዘኛለች። የዳንሱ ጫማ ጠባብ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የእውነት ጠባብ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሸሚዜ ከላብ የተነሣ ይጨመቃል፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ስወጣ ግድግዳ ይዤ ነው። ሚኒባሱን ስነዳ ሳይቀር "አንድ ሁለት ሦስት" እያልኩ በሦስት ምት ፍሬን ስለምይዝ መንገደኞቹ ሻንጣቸውን አቅፈው እርስ በርስ ይተያያሉ። ግን አምስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ጊዜ ሳልቆጥር፣ እግሬን ሳላይ፣ አዳራሹን ሙሉ ዞርኩ። ደስ አለኝ። ልጄ ከተወለደች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ለማንም መናገር አለመቻሌ ደግሞ ሊያፈነዳኝ ደረሰ።

አሁን ስለ ሕንፃው ልናገር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። መግቢያው አንድ ነው፤ ውስጡ መተላለፊያ አለው። በቀኝ የሚስ ሎሬታ አዳራሽ፣ በግራ የኩላሊት እጥበት የሚደረግበት ክሊኒክ። ከውጭ በትልቁ የተጻፈው የግራው ብቻ ነው፤ የሚስ ሎሬታ ስም ከበሩ መስታወት ላይ በጣት ቁመት ነው ያለው። እኔ ይህን ልብ አላልኩም። የሰበካ ጉባኤ አባል ነኝ፣ በየእሑዱ ሙዳየ ምጽዋት ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ የኔ ጭንቀት ሁሉ የሐበሻ ዓይን እንዳያገኘኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጫማዬን በጥቁር ቦርሳ ሸፍኜ፣ ኮፍያዬን ደፍቼ፣ ግራ ቀኝ ተገላምጬ ነበር የምገባው።

ዓይኑ ግን አገኘኝ። ጋሽ ወልዴ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሥራቸው ሕመምተኞችን በቫን ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከፓይን ሌክ ሁለት አሮጊቶች ጭነው ወደዚያው ክሊኒክ ያመጣሉ። ተሸፋፍኜ ስገባ አዩኝ። ላብ አጥምቆኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ እያነከስኩ ስወጣም አዩኝ። ያኔ ጠርተው ሰላም ቢሉኝ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግን ጨዋ ናቸው፤ ሕመሙን የደበቀ ሰው አይሸማቀቅ ብለው ከመሪው ሥር ጎንበስ አሉልኝ። ለባለቤታቸው ብቻ በምስጢር ነገሯት። እሷም ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነገረች።

የመጀመሪያው ምልክት ወንበር ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ሳወራ አንድ ሰው ከኋላዬ ወንበር አስጠጋልኝ። በሳምንቱ መምሬ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ሳያነሱት ቆዩ። ከዚያ ክርስትና ተጠርተን ሙዝ ልልጥ ስል የጋሽ ወልዴ ባለቤት ከእጄ ላይ ወስዳ "ይቅርብህ ወንድሜ" አለችኝ። ውሃ ስቀዳ ደግሞ አንዱ ብርጭቆዬን ተቀብሎ ግማሹን ደፋውና መለሰልኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዳንሱ ተነቅቶብኝ ከማኅበር እየተገለልኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ ቤቴ ውስጥ ጨው ጠፋ። ሽሮው አልጫ፣ ምስሩ አልጫ፣ ቲማቲሙ ጭራሽ ከቤት ወጥቷል።

"ጽጌ፣ ጨው ረሳሽ እንዴ?"

"ለሁላችንም አይጠቅምም አሉ" አለችና ፊቷን ወደ ማድቤቱ አዞረች። ጽጌ ፊቷን የምታዞር ሴት አይደለችም፤ ፊት ለፊት ነው የምትናገረኝ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከታብሌቷ ነው። ምግብ ስትሠራ የምታየው ቪዲዮ መሐል ላይ ቆሟል፤ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎች ምን መብላት እንደሌለባቸው በአማርኛ ያስረዳል። ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ጨው፣ ውሃ በልክ። ወንበሩም፣ መስቀሉም፣ ሙዙም ባንድ ጊዜ ገቡኝ። የክሊኒኩ ጽሑፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ታዲያ ለምን ያኔውኑ እውነቱን አልተናገርክም የሚል አይጠፋም። መልሴ ይኸውና። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ሕመሙ አይነገርም። አገር ያውቃል፣ እድር ያውቃል፣ ዲሲ ያለ ዘመድ ሳይቀር ደውሎ "ሰላም ነህ አይደል?" ይላል፤ ስሙን ግን ማንም አያነሣም። ማንም ታመምክ ሳይለኝ እንዴት ብዬ አልታመምኩም ልበል? መሐል ገበያ ቆሜ ኩላሊቴ ደህና ነው ብዬ ብጮህ ሕመሙ ወደ ጭንቅላት ወጣ ነው የምባለው። ቢያምኑኝስ? ማክሰኞና ሐሙስ ታዲያ የት ነው የምትሄደው ሲሉኝ፣ ስምንት ሴት በየተራ አቅፌ እዞራለሁ ልበላቸው?

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ጽጌ ለእኔ ለስልሳ ነበር። ከሥራ በእረፍቷ ትደውልልኛለች። ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ጋቢ ታለብሰኛለች። አንድ ቀን እግሬ ማበጡን አይታ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ አጠበችልኝ፤ ያበጠው ከጫማው ነው። ዓመታት ሙሉ በሥራ ሰዓታችን ምክንያት በማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ስንነጋገር ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት በላሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ጽጌ መኝታ ቤት ሆና አዲስ አበባ ካለችው እህቷ ጋር በስልክ ታወራለች።

"አይ፣ ወስኛለሁ" ትላለች። "ሁለት ነው ያለኝ፤ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል። ነገ ከጋሽ ወልዴ ጋር ሄጄ ክሊኒኩን እጠይቃለሁ። ከሥራም ኦፍ ወስጃለሁ። አይ፣ እሱ አያውቅም። እንዳትነግሪው፤ ካወቀ እምቢ ይላል።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። የሠርጓን ዳንስ የከለከልኳት ሴት፣ ሰውነቷን አስከፍታ ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ነው። ያውም ምንም ላልሆነ ሰው። ገብቼ ልነግራት በሩን ልከፍት ስል "ማነው?" ብላ እንባዋን ጠርጋ፣ ሳቅ ብላ ወጣች። "እኔ ነኝ" ብቻ አልኩ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ ስነቃ ወጥታለች። ከሥራ ሆኜ ደወልኩ፣ አታነሳም። ደገምኩ፣ አታነሳም። አለቃዬን "ፋሚሊ ኢመርጀንሲ" ብዬ ሚኒባሱን አስረክቤ በመኪናዬ ስወጣ ቱ ኤይቲ ፋይቭ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መንገዱ ተዘግቶ አራቱም ረድፍ ቆሟል። መሪውን ይዤ ላቤ ይንቆረቆራል። እዚያ ደርሳ ወረቀት ብትፈርምስ? መርፌ ብትወጋስ? የአሜሪካ ሐኪም ደግሞ ቀጠሮ ካልሆነ አይቸኩልም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዛሬ ቢቸኩልስ እላለሁ። ኖርክሮስ ስደርስ መኪናዬን ሃንዲካፕ ላይ አቁሜ ሮጥኩ። እኔ፣ የማቆሚያው ዘበኛ።

ጽጌ ክሊኒኩ መስኮት ፊት ቆማለች፤ ጋሽ ወልዴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከጎኗ። ሁለቱ የፓይን ሌክ አሮጊቶች በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ እጆቿን ዘርግታለች።

"ማዳም፣ ስለ ማንም ሰው ምንም ማለት አልችልም። እዚህ ይታከማል አልልሽም፣ አይታከምም አልልሽም። ሕጉ አይፈቅድልኝም።"

ጋሽ ወልዴ ወደ ጽጌ ጠጋ ብለው "አየሽ? ባይኖር ኖሮ የለም ትል ነበር" አሉ።

"ጽጌ!" አልኩ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "አልታመምኩም። ምንም የለብኝም። ኩላሊቴ ደህና ነው!"

ዞር ብላ አየችኝ። ላቤን፣ ትንፋሼን፣ ግድግዳውን የያዘ እጄን አየች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ይኸው ጋሽ ወልዴ፤ እኔ እንዳልጎዳ ብሎ ነው።"

"ልጄ" አሉኝ ጋሽ ወልዴ ክንዴን ይዘው፣ "ዐሥር ዓመት ሕመምተኛ ሳመላልስ ሁሉም መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው። ዲናያል ይሉታል፤ ሕመምን መካድ ነው። አይዞህ።"

"ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ያዩኝ በዋናው መግቢያ ስገባ ነው፤ ከውስጥ ግን የምዞረው ወደ ቀኙ በር ነው። ቀኙ የዳንስ ትምህርት ቤት ነው። ዳንስ ነው የምማረው።"

ጽጌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ዳንስ? አንተ? ጋሽ ወልዴ፣ ጭንቅላቱም ተነካ እንዴ?"

"ደሙ ካልታጠበ ያስቀባጥራል" አሉ ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን እየነቀነቁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከጭፈራ ስሸሽ የገነባሁት ስም እንዲህ አድርጎ ደረሰልኝ። ውሸቱን ማንም ሳይጠይቀኝ አምኗል፤ እውነቱን አንድ ሰው እንኳ የሚገዛኝ አጣሁ። ልምል ስል የቀኙ በር ተከፈተና ሚስ ሎሬታ ብቅ አለች።

"ሃኒ! ዐሥር ደቂቃ ዘግይተሃል፤ ሴቶቹ እየጠበቁህ ነው!"

ጋሽ ወልዴ አማተቡ። ኩላሊቱ ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት።

የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። "ሚስ ሎሬታ፣ እባክሽ በሩን አትዝጊ፤ ዋልትዙን ክፈቺልኝ" አልኳት። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ጫማ ሳልቀይር፣ በሥራ ዩኒፎርሜ፣ ስሜ የተጻፈበት ባጅ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ለሚስ ሎሬታ እጄን ዘረጋሁላት። የእድሩ ሰብሳቢ በር ላይ ቆመው፣ ሚስቴ እያየችኝ፣ ሳልቆጥር ጀመርኩ። ስዞር ጽጌ ታልፋለች፣ ጋሽ ወልዴ ያልፋሉ፣ አሮጊቶቹ ያልፋሉ፤ ደግሜ ስዞር ጽጌ እዚያው ናት። አንድም ጊዜ እግር አልረገጥኩም። ሙዚቃው ሲያልቅ አሮጊቶቹ አጨበጨቡ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ሳትቀር ወጥታ አጨበጨበች። ጽጌ አላጨበጨበችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች።

መኪና ማቆሚያው ላይ ደረስኩባት።

"ለሃያ አምስተኛ ዓመታችን ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነበር" አልኩ።

የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ "እኔ ሳትጠይቀኝ ኩላሊቴን ልሰጥህ መጣሁ" አለች። "አንተ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ተነሽ እንደንስ አላልከኝም። ስምንት ሴት ጠየቅክ።"

መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። የእኔ መኪና መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተለጥፏል፤ አነሣሁትና ሳላነብ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቤታችን ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት እንኳ ጠፋ። ኩላሊቴ ደህና መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው ጽጌ፣ ወጡን ያለ ጨው መሥራቷን ቀጠለች። ከፊቴ ታስቀምጥና ስበላ ታየኛለች። እኔም ሳህኑን ሙልጭ አድርጌ እበላለሁ። ጋሽ ወልዴን ለሕዝቡ እውነቱን እንዲነግሩልኝ ብለምናቸው "ለስምህ ስል ዝም ብያለሁ" አሉኝ። "በኩላሊት ይጸለይልሃል፤ በዚያኛው ግን ምን ተብሎ ይጸለያል?" ወንበሩ እስከ ዛሬ ይመጣልኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ በዐሥር ሰዓት፣ ከአንዷ ሴትዮ ጋር ስዞር የአዳራሹ በር ተከፈተ። ጽጌ ከሥራ በቀጥታ መጥታለች፤ ጸጉሯ በሻሽ ታስሯል፣ እግሯ ላይ ያ ነጭ የሥራ ጫማዋ አለ። አልገባችም፣ አልሄደችም። ሴትዮዋን ይቅርታ ብዬ ለቀቅኳት። እስከ በሩ ያለው መንገድ ረጅም ነበር፤ እምቢ ብትለኝ ልክ እንደሆነች እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ፊቷ ስደርስ እንደ ጃፓኑ ሰውዬ ጎንበስ አልኩ።

"ጽጌ፣ አብረሽኝ ትደንሻለሽ?"

"ጫማው ጠበበኝ" አለችኝ።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ማለት ፈራሁ። ሚስ ሎሬታ ቋንቋውን ባትሰማም ሙዚቃውን ዝቅ አደረገች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንገቴ አጠገብ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ጽጌ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነው። በካልሲዋ ገብታ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለች። መምራቱን ለእኔ አልተወችልኝም፤ ወደ ግራ ስል ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ስል ወደ ፊት እየገፋችኝ አዳራሹን ዞርን። ሦስት ጊዜ ረገጠችኝ። የመጨረሻዋን ሆን ብላ ነበር መሰለኝ።

ያን ዕለት ራት ቀረበ። አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝና ፊቴን ታይ ጀመር። ወጡ ጨው ነበረው፤ እንዲያውም በዝቶበታል። ውሃዬን ሙሉ ብርጭቆ ቀዳሁና እየደጋገምኩ ጠጣሁ።